ጠጅ ቤቱን ያስለቀሰው ሸክላ

ከቤታችን አጥር ማዶ ጠጅ ቤት ነበረ። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩና ይህን ጉርብትና ለኃጢአታቸው የተሰጠ ቅጣት አድርገው ነበር የሚቆጥሩት። ከወዲህ ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ፣ ከወዲያ ጠጪዎች ሲያንጎራጉሩ፣ ሁለቱ ድምፆች አጥሩ ላይ ይጋጩና አባቴ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ማዶ ይነቀንቁ ነበር። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና፣ «ተዉአቸው እንጂ መሪጌታ፣ እነሱ ቢያንስ ዜማውን አይስቱም» ትላቸዋለች። ይህን ጊዜ አባቴ ተማሪዎቹን እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምሯቸዋል።

የጠጅ ቤቷ ባለቤት ከወልድያ በኩል በጋብቻ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሰፊ፣ ቀይ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። እኛ ልጆች እትዬ እንላታለን። ልጅ አልወለደችም። ከባሏ የወረሰችው ቤቱን፣ ጋኖቹንና የባሏን የወንድም ልጅ ነው።

ልጅቷ ከከተማችን ከሰቆጣ ወዲያ ያለው የዝቋላ ገጠር ልጅ ናት። እናቷን ንዳድ ወሰዳት፤ አባቷም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። አጎቷ «ሰቆጣ ትማር» ብሎ አመጣት፤ ተማሪ ቤት ሳያስገባት እሱም ሞተ። ስለዚህ ሰቆጣ መጥታ የተማረችው ብርሌ ማጠብ፣ ጌሾ መውቀጥና ከማማሰያ መሸሽ ነው። ማማሰያው ጥንስሱ የሚማሰልበት ረጅም እንጨት ነበር። እትዬ ጥንስስ የምታማስልበትን ያህል ልጅቷንም ታማስልበት ነበር። ብርሌ ሲሰበር፣ ውኃ ሲዘገይ፣ ጠጁ ሲቀጥን፣ አንዳንዴም ምንም ሳይሆን።

ልጅቷ እኩያዬ ነበረች። ቀጭን፣ ግራኝ፣ ዓይኗ የማያርፍ። አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛን እዚህ ስለለመደችው ቃላቱን እንደ ትኩስ ቆሎ አፏ ውስጥ እያገላበጠች ነበር የምታወጣቸው። እኔ በእናቴ በኩል ኽምጣኛ ስለምሰማ፣ በአጥራችን ሽንቁር አፍ ለአፍ ገጥመን የምናወራው በሷ ቋንቋ ነበር። እትዬ ግን ኽምጣኛ አንዲት ቃል አታውቅም። «የወፍ ቋንቋ» ትለዋለች። ይህ ነገር ኋላ ብዙ አስከተለባት።

የሸክላ ማጫወቻው የመጣው በበቅሎ ነው። እትዬ ከአንድ የኮረም ነጋዴ ገዛችው። እንደ ሻንጣ የሚከፈት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነበር። የመጣ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ደጇ ላይ ቆመ። እትዬ በኩራት መርፌውን አንስታ ሸክላው ላይ ጣል ስታደርገው እንዲህ ያለ ጩኸት ወጣ፤ ውሾች አለቀሱ፣ አንድ ሽማግሌ በስመ አብ ብለው ወጡ፣ አባቴ ከአጥሩ ወዲህ «ሰይጣኑ ገባ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ እትዬ መርፌውን አልነካችም።

«የኔ እጅ ከባድ ነው» አለች።

ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ሸክላ የማጫወቱ ሥራ ለልጅቷ ደረሳት። በግራ እጇ መርፌውን እንደ ጫጩት ይዛ ሸክላው ዳር ላይ ስታሳርፈው ኮሽታ እንኳ አይሰማም ነበር።

ከሸክላዎቹ መካከል ያቺ ዘፈን ነበረች። የምትዘፍነው አንዲት ወጣት ሴት ናት። ክራሩ ይቀድማል፣ ጡሩምባው ይከተላል፣ ከዚያ ያ ድምፅ ይመጣል። በሰው ቤት የምታድግ፣ ጠዋት ማታ የምትገረፍ አንዲት ልጅ ለሞተች እናቷ የምትነግራት ነው። ግጥሙን ዛሬ ሙሉውን አላስታውሰውም፤ ይቺ ግን አልጠፋችኝም፦

እናቴ ካፈሩ ቀና በይና እይኝ፣
ካለንጋ በስተቀር ማን በስሜ ጠራኝ።

መጀመሪያ የተሸነፈው ከዘወትር ጠጪዎቹ አንዱ፣ ፖሊሱ ነበር። ተከዜ በረሃ ድረስ ወርዶ ሽፍታ ያሳደደ፣ ጢሙ ከፊቱ የሚሰፋ ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ከሱ ቀጥሎ የሰፈሩ አናጢ ተነፋረቀ። ከዚያ እንግዲህ ሁሉም። ቤቱ የለቅሶ ቤት ሆነ፤ እያለቀሰ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከሚስቅ ሰው ይልቅ ብዙ እንደሚጠጣ እትዬ ወዲያው ተረዳችው። ራሷም ቢሆን የምታስመስል አልነበረችም። ክራሩ ገና ሲጀምር የነጠላዋን ጫፍ ታዘጋጃለች፤ «ማን በስሜ ጠራኝ» ሲል ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ወይኔ ልጄን! ምን ዓይነት አረመኔ ናት ይህቺን የምትነካ!» ትላለች። ከዚያም አፍንጫዋን ትናፈጥና፣ «አንቺ! እነጋሽዬ ባዶ ይዘው አይታይሽም?» ብላ ልጅቷ ላይ ትጮሃለች።

ዘፈኑ ከጠጅ ቤቱ ወጥቶ ምንጭ ወረደ። ውኃ ቀጂዎች እያንጎራጎሩት እንስራቸውን ይሞላሉ፣ እያለቀሱ ይሸከማሉ። ሁሉም በልቡ አንዲት ክፉ ሴት ፈለገ፤ የሚያገኛት ግን ሁልጊዜ ሌላ አገር ነው። ጋዝጊብላ እንዲህ ያለች አንዲት የእንጀራ እናት አለች ተባለ። ጽጽቃም ሌላ፣ ከዚያችም የባሰች አለች ተባለ። ከአጥራችን ማዶ አለች ያለ ግን አልነበረም።

አባቴም አላመለጡም። መጀመሪያ ጆሯቸውን በጋቢ ይሸፍኑ ነበር። በኋላ ጋቢው ትንሽ ትንሽ ገለጥ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ክራሩ ሲጀምር እጃቸውን አንስተው ተማሪዎቹን ዝም አሰኙና አዳመጡ፤ ሲያልቅ በቁጣ ተነሱ።

«ሌቦች!» አሉ። «ይኸ ዓራራይ ነው! የኛው ዓራራይ! ከቤተ ክርስቲያን ሰርቀው ጠጅ ቤት አስገቡት!»

«እንግዲያው የራስዎ ነው ማለት ነው፤ ይስሙት» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ብራና እየፋቁ ሳያውቁት ያንጎራጉሩት ጀመር። አንዱ ተማሪ ሲስቅ ሰሙትና አለንጋቸውን አነሱ። እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ፣ «እንዴ መሪጌታ፣ ስለ አለንጋ እያዜሙ በአለንጋ?» አለቻቸው። አለንጋው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ተማሪዎቹ ይህን አልረሱትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ወደ አለንጋው እጃቸውን ሲሰዱ ከኋላ በኩል አንድ ሰው በአፍንጫው ያቺን ዜማ ይጀምር ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እኔ በበኩሌ ዘፈኑን ለመስማት ሰበብ አገኘሁ። ላም ነበረችን፤ ከጠጅ ቤቱ አተላ መቀበል የኔ ሥራ ሆነ። ጠዋት አተላ፣ ከሰዓት አተላ። ላማችን በዚያ ዘፈን የተነሳ ወፍራ መራመድ አቃታት። እኔ ደጃፉ ላይ ባልዲዬን ይዤ ከጠጪዎቹ ጋር አለቅሳለሁ፤ ቀና ስል ልጅቷ ማጫወቻው አጠገብ ቆማ ታየኛለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

አንድ ቀን በሽንቁሩ በኩል፣ «አያሳዝንሽም እንዴ?» አልኳት።

«ማን?»

«የምትዘፍነዋ ልጅ።»

አሰበች። «ያቺማ ምን አለባት፤ በክራርና በጡሩምባ ታጅባ ነው የምትገረፈው» አለች። «እኔን ማን አጀበኝ?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ እኔ ሳቄ ቆመ፤ እሷ ግን ቀጠለች፤ ስትስቅ አንድ ትከሻዋን በእጇ ደግፋ እንደምትይዝ ያኔ ነው ያየሁት።

እትዬን የምናጋልጥበትን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። እትዬ በጓዳ በኩል በመታቻት ቁጥር እሷ ወጥታ ወዲያው ያቺን ዘፈን ታስነሳለች። ጠጪዎቹ ጆሮ አላቸው፤ ከጓዳ የሚሰማውን ይሰማሉ፣ ከዚያ ዘፈኑን ይሰማሉ፣ ያገናኙታል። እኔም ነገሩን በጣም ወደድኩት። አተላዬን ተቀብዬ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ቆምኩ።

ከጓዳ በኩል ማማሰያው ጠፍ፣ ጠፍ ሲል ተሰማ። ልጅቷ ወጣች። መርፌውን አስቀመጠች። ክራሩ ጀመረ። ፖሊሱ ኮፍያውን አወለቀ። እትዬ ማማሰያውን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች፤ ወደ ልጅቷ ስትሄድ «እናቴ ካፈሩ» የሚለው መጣ። ቆመች። ማማሰያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ከሁሉም አብልጣ አለቀሰች። አናጢው እሷን ለማጽናናት ለቤቱ በሙሉ አዘዘ።

ልጅቷ ይህንኑ ደጋግማ ሞከረችው። ዱላው በበዛ ቁጥር ዘፈኑ በዛ፣ ዘፈኑ በበዛ ቁጥር ጠጁ ተሸጠ። በመጨረሻ በሽንቁሩ በኩል መጥታ፣ «እነዚህ ሰዎች አማርኛ አይገባቸውም» አለችኝ።

የገበያ ቀን ሰቆጣ ትሞላለች። ከዝቋላ ፍየልና ማር ይመጣል፣ ከጋዝጊብላ እህል ይመጣል፤ ሸጠው የጨረሱ ሁሉ ወደ ጠጅ ቤቱ ጎራ ይላሉ። የእትዬን ማር የምታመጣላት አንዲት የዝቋላ አሮጊት ነበረች። አጭር፣ ጥቁር፣ ጀርባዋ የቀና። ማሯን ትሸጣለች እንጂ ጠጁን አትቀምስም፤ «የኔ ማር እዚያ ውስጥ ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ» ትል ነበር። አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። የማር ሻጮቹ ሁሉ የሷን አፍ ነው የሚያዩት።

አንድ የገበያ ቀን እንስራዎቿን አስገብታ እስኪመዘንላት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳለ ዘፈኑ ተነሳ። ቤቱ እንደ ልማዱ ተነፋረቀ። አሮጊቷ ዙሪያውን አየች። ፖሊሱን አየች። እትዬን አየች። ከዚያ በኽምጣኛ ልጅቷን፣ «ይህች ከሸክላው ውስጥ የምትጮኸው ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

እትዬ ጥያቄው ምን እንደሆነ ከአሮጊቷ እጅ እንቅስቃሴ ገባት። «ውይ፣ ለካ አይገባቸውም! ንገሪያቸው እንጂ! ሸክላውን ከመጀመሪያው አድርጊና ቃል በቃል ንገሪያቸው!» አለች። ደግሞም ነጠላዋን አስተካክላ ለሁለተኛው ለቅሶ ተዘጋጀች።

ልጅቷ መርፌውን ከመጀመሪያው መለሰችው። በቀኝ እጇ ነበር የመለሰችው፤ መርፌው ትንሽ ዘለለ። ከዚያ ክራሩን አስቀድማ፣ አሮጊቷ ፊት ቆማ በኽምጣኛ መተርጎም ጀመረች። እኔ ባልዲዬን ይዤ ደጃፉ ላይ ነበርኩ።

«እናቴን ንዳድ ገደላት ትላለች» አለች ልጅቷ። «አባቴም ሞተ። አጎቴ ለትምህርት አመጣኝ፣ እሱም ሞተ ትላለች።»

ዘፋኟ እንዲህ አላለችም። ዘፋኟ ገና እናቷን እየጠራች ነበር። ኽምጣኛም አማርኛም የሚሰሙት ጠጪዎች ብርሌያቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«የአጎቴ ሚስት ጋን ሥር ነው የምታስተኛኝ ትላለች። ቅዝቃዜው ከመሬት ይመጣል። ብርሌ ሲሰበር በማማሰያ ትመታኛለች።»

እትዬ ይቺን ቃል ያዘቻት። ልጅቷ ማማሰያን የጠራችው በአማርኛ ስሙ ነበር። «ማማሰያ ምን አመጣው?» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ለአለንጋ ሌላ ስም የለንም እትዬ» አለች ልጅቷ። «ማማሰያ ነው የምንለው።»

«የወፍ ቋንቋ!» አለች እትዬ አዝና። «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ።»

አንድ የጋዝጊብላ ገበሬ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በመዳፉ ከደነ። ከዚያ ልጅቷ ቀጠለችና እሱም ሳቁ ጠፋ።

«ትናንት ግራ ትከሻዬን መታችኝ ትላለች። ክንዴን ማንሳት አልችልም። ግራኝ ሆኜ ሳለ ዛሬ ሁሉን ነገር በቀኝ የምሠራው ለዚህ ነው ትላለች።»

ጡሩምባው በዚህ መካከል ገባ። የእትዬ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። «ወይኔ ልጄን!» አለች። «አንጀቴን በላችው! አይደለም እንዴ እማማ? አንጀት አይበላም?»

አሮጊቷ የልጅቷን ግራ ክንድ እያየች በኽምጣኛ ጠየቀች። «ዘፋኟ ግራኝ ናት?»

«ናት።»

«ጋን ሥር ነው የምትተኛው?»

«አዎን።»

«ልጅቷ ያለችው የት አገር ነው?»

ልጅቷ ወደ እትዬ ዞር አለች። ያን ጊዜ ነው ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ያየሁት። እስከዚያ ድረስ ተንኮል ነበር፤ ዓይኗ እየሳቀ ነበር የምታወራው። አሁን እንባዋ ያለ ምንም ድምፅ ወረደ።

«ሰቆጣ» አለች።

ሸክላው ብቻ ይሽከረከራል።

«ሰቆጣ ምን አለች?» አለች እትዬ።

«ዘፈኑ ሰቆጣም ደርሷል ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

አሮጊቷ ተነሳች። እንስራዋን አንስታ ወደ በሩ ወሰደችው። ተመልሳ ሁለተኛውን አነሳች። እትዬ ከበርጩማዋ ብድግ አለች።

«እማማ! ማሩስ?»

«ማር የለም» አለች አሮጊቷ በአማርኛ።

«ይኸው እኮ እንስራው ሙሉ ነው!»

«ሙሉ ነው። ለአንቺ የለም።»

ከማር ሻጮቹ አንዱ ብርሌውን ግማሽ ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ቀጥሎ ሌላው። የጋዝጊብላው ገበሬም ተነሳ። አማርኛ ብቻ የሚሰማው ፖሊስ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ሰው ሲወጣ ኮፍያውን አድርጎ ተከተለ። እትዬ በባዶው ቤት መካከል ቆማ ዞር ስትል እኔን አገኘች።

«አንቺ የመሪጌታ ልጅ፣ ያ ቋንቋ ይገባሻል። ምን አለቻቸው?»

«ዘፈኑን ነው እትዬ» አልኳት። «ቃል በቃል።»

ባልዲዬን አንስቼ ሮጥኩ። አተላው ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

አሮጊቷ ልጅቷን ይዛ የሄደችው ወደ ቤታችን ነው። እናቴ የልጅቷን ትከሻ ስትገልጥ አብጦ ጠቁሯል። ወጌሻ ተጠርቶ አጥንቱ እንዳልተሰበረ ካየ በኋላ እናቴ ቅቤ አሸችላት፤ ስታሽ ትረግም ነበር፤ አንዴ እትዬን፣ አንዴ ሙታንን፣ አንዴ አጥሩን። ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አባቴም ከነሱ ጋር ተቀመጡ። እትዬ ተጠርታ መጣች፤ ተቆጥታ ነበር የመጣችው።

«ልጅ አይቀጣም?» አለች። «እኔ ብቻ ነኝ የምቀጣው? መሪጌታስ ተማሪ አይገርፉም? ከአጥር ማዶ አልሰማምን?»

ሽማግሌዎቹ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ የዝንብ ጭራቸውን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አደረጉ።

«እገርፋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ደግሞም አንቺ የኔን እንደምትሰሚ እኔም ያንቺን እሰማ ነበር። ቅጣት ነው እያልኩ ዜማዬን እቀጥል ነበር።» ከዚያም ጭራውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ «ጆሮ አለኝ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ» አሉ።

እናቴ ከጓዳ አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ተወችው። ለአባቴ ሳትመልስላቸው ስትቀር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የማር ሻጯ አሮጊት ልጅቷን አስተርጓሚ አድርጋ ጠየቀች። «ከሸክላው ውስጥ ላለችው ነጠላሽ እስኪርስ አለቀስሽላት። ለዚህችስ?»

እትዬ ደነገጠች። «ያቺ እኮ . . .» አለች፣ «ያቺ ሌላ ናት! ያቺ የሚያሳዝን ድምፅ አላት!»

አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዘው። ሌላው ነጠላውን አፉ ላይ ጣለ። ልጅቷ ግን በጣም በቁም ነገር፣ «እኔም ድምፅ አለኝ፣ እትዬ» አለች። «የማልጮኸው እንግዳ እንዳይሸሽ ብዬ ነው እንጂ።»

እትዬ ልጅቷን አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አይታት የማታውቅ ይመስል። ከዚያ ቁጭ አለች፤ በርጩማም ሳይሰጧት መሬት ላይ። ነጠላዋንም ወደ ዓይኗ አላነሳችም።

«እኔም የሰው ቤት ልጅ ነበርኩ» አለች። «ወልድያ። የክርስትና እናቴ ቤት። እዚህ ላይ» አለችና ከጆሮዋ በላይ ጸጉሯን ገለጥ አድርጋ ጠባሳ አሳየች። «በፍልጥ። ያ ዘፈን ሲመጣ . . . የኔ ነበር የሚመስለኝ። ስለኔ የዘፈኑት። ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ይህንንም ለአሮጊቷ ተረጎመችላት። በዚህ ጊዜ በእውነት ቃል በቃል ነበር፤ አንዲት ነገር አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። አሮጊቷ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፤ ግን ማሩን አልመለሰችም።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ጨረሱት። ልጅቷ እኛ ቤት ትደር፣ ተማሪ ቤት ትግባ፤ እትዬ እጇን እንዳታነሳባት በቤተ ክርስቲያን ትማል፤ አባቴ ዋስ ይሁኑ። ሊነሱ ሲሉ ልጅቷ፣ «እኔስ አልተጠየቅሁም» አለች። ሽማግሌዎቹ ተገርመው ተቀመጡ። በገበያ ቀን ሸክላ ለማጫወት እመጣለሁ አለች፤ ማጫወቻውን የሚያውቅ ሌላ የለምና። ብርሌ ግን አላጥብም አለች። አሮጊቷ ይህ ሲተረጎምላት ጥርሶቿን ሁሉ እስክናይ ሳቀች፤ ማሯን የምታስገባው ልጅቷ በእጇ ከተቀበለቻት ብቻ እንደሆነ ጨመረች። እትዬ ሁሉንም እሺ አለች። ምን ታድርግ፤ ጋኖቹ ባዶ ነበሩ።

በማግስቱ ልጅቷ አልነቃችም። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ተኝታለች። ፀሐይ ግቢውን ሞልታ ዶሮዎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላም ተኝታለች። እናቴ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ማንንም አላስገባ አለች፤ ተማሪዎቹ ዜማ ሊጀምሩ ሲሉ በእንዝርቷ አስፈራርታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አባረረቻቸው። አባቴም መቋሚያቸውን ተሸክመው ተከተሏቸው።

ያ ሸክላ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተሰማም። ጠጪዎቹ ሲጠይቁ ልጅቷ «ተጭሯል» ትል ነበር፤ አልተጫረም። እትዬም ታውቃለች፤ «አዎ፣ ተጭሯል» ትል ነበር። ፖሊሱ በጣም አዘነ። ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ሆኑ ብዬ አልዋሽም፤ አልሆኑም። አንዳንዴ እትዬ በንዴት ድምፅዋን ስታነሳ ልጅቷ ቀስ ብላ በኽምጣኛ አንድ ነገር ትላለች። «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች እትዬ ዙሪያዋን እያየች። ልጅቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትለው ቁም ነገር አልነበረም፤ የፍየሎች ስም ነበር የምትቆጥረው። እትዬ ግን ይህንን አላወቀችምና እጇን ትሰበስብ ነበር።

ከጊዜ በኋላ እትዬ ራሷ ኽምጣኛ ለመማር ተነሳች። አስተማሪዋ ልጅቷ ሆነች። በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማረቻትን ሰላምታ እትዬ በገበያ መካከል ለአንድ የዝቋላ ቄስ ጮክ ብላ ስትናገር ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ሸሹ። ምን እንዳስተማረቻት እኔ አውቃለሁ፤ ግን አባቴ መሪጌታ ነበሩና አልጽፈውም።